ፌልኮ 2፦ ለጓሮ ዛፍ የሚሆን መግረዣ መቀስ

ቀይ እጀታ ያለው የስዊዘርላንዱ ፌልኮ 2 ጓሮው አቮካዶ፣ ዘይቱን ወይም ጽጌረዳ ላለበት ሰው ዋጋውን ያወጣል። 240 ግራም ይመዝናል፤ እስከ 25 ሚሊሜትር የወፈረ ቅርንጫፍ ይቆርጣል። ይህ ግን ለእርጥብ እንጨት ነው፤ ለደረቅና ጠንካራ እንጨት ከ15 ባይበልጥ ይሻላል። ብዙ ሰው መቀሱን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ አልቆረጥ ሲለው እጁን ያጣምማል፣ ስለቱ ከመንጠቆው (ቅርንጫፉን ከሚይዘው ወፍራም ጎን) ይርቃል፣ ከዚያ ወዲያ መቀሱ ቅርፊት ይልጣል እንጂ አይቆርጥም። ያኔ የመሃሉን ዳዶ ማጥበቅ ነው።

አያያዙም ወሳኝ ነው። ቀጭኑ ስለት ወደ ግንዱ፣ ወፍራሙ መንጠቆ ወደሚወድቀው ቅርንጫፍ ይዙር። ተገልብጦ ከተያዘ መንጠቆው የሚቀረውን ቅርፊት ይጨፈልቃል፣ ጉቶም ይተርፋል። ጉቶ ያለበት ቁስል ቶሎ አይሽርም፤ ይበሰብሳል። ከቅርንጫፉ ሥር ያለችው እብጠት ግን አትነካም፤ ቁስሉን የምትሸፍነው እሷ ናት።

ትልቁ ጥቅሙ ስለቱም ሞላውም ለየብቻ መቀየራቸው ነው። ርካሹ መቀስ ሞላው ሲሰበር ይጣላል። የታመመ ዛፍ ከቆረጡበት በኋላ በ70 በመቶ አልኮል ይጥረጉት፤ በረኪና ብረቱን ይበላዋል። ለግራኝ ፌልኮ 9 አለ።

ከአውራ ጣት ለወፈረ ቅርንጫፍ መጋዝ ይያዙ። ከግንዱ 30 ሴንቲሜትር ያህል ርቀው መጀመሪያ ከታች በኩል፣ ቀጥሎ ትንሽ ወጣ ብለው ከላይ ይቁረጡ፤ የቀረውን ጉቶ በመጨረሻ ያንሱ። አለበለዚያ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ገሽልጦ ይወርዳል።