ሰሜን ወይስ ባሌ?

የሰሜን ተራሮችና የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርኮች ሁለቱም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ሰሜን በ1978፣ ባሌ በ2023 እ.ኤ.አ.። ጉዟቸው ግን ለየቅል ነው።

ሰሜን የእግረኛ አገር ነው። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ይደረሳል። እዚያ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ይያዝና ወደ ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ የድንኳን ሰፈሮች ይዘለቃል። ገደሉ ልብ ያርዳል። ጭላዳዎቹ ግን ከአፋፉ ላይ ሣር እየነጩ፣ ሰው መኖሩም ሳይገዳቸው ያልፋሉ። ዋልያ ለማየት ማለዳ መነሳት ያስፈልጋል። ራስ ደጀን (4,550 ሜትር) ደግሞ ተጨማሪ ቀናትና ጠንካራ ጉልበት ይጠይቃል።

ባሌን እኔ በተለይ ልጆች ወይም አዛውንት ላሉበት ቤተሰብ እመክራለሁ። ከጎባ ተነስቶ የሰነቴን አምባ የሚያቋርጥ መንገድ አለ፤ እስከ ቱሉ ዲምቱ (4,377 ሜትር) ድረስ በመኪና ይወጣል። አምባው ላይ ጅብራ የተባለው ረጅም የደጋ ተክል ተራርቆ ቆሟል። ቀይ ቀበሮም ፍልፈል ስታድን ትታያለች። በዓለም ላይ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት እዚሁ ባሌ ነው። ይህ ብቻውን ለጉዞው ይበቃል! ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ ብርዱ ይቀርና የሐረና ደን ይጀምራል፤ የጫካ ቡና የሚለቀምበት፣ ቀፎ ዛፍ ላይ የሚሰቀልበት። የደጋ አጋዘን ዲንሾ አካባቢ አይጠፋም።

በእግሩ ለሚተማመን፣ መጀመሪያ ሰሜን። አውሬና ደን ለሚወድ ባሌ። ለሁለቱም ጥቅምትና ኅዳር ጥሩ ናቸው። ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ወፍራም ጃኬት ይያዙ። የመንገዱን ሰላም አስቀድሞ መጠየቅም የግድ ነው።