ለጣና ዳር ቤት ወለል፦ ጃቶባ ወይስ ዋንዛ?

ባሕር ዳር ላይ የሳሎኑን ወለል እንጨት ለማልበስ ለሚያስብ ሰው፣ ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣው ጃቶባና የአገራችን ዋንዛ እጅግ የተራራቁ ምርጫዎች ናቸው። የብረት ኳስ እንጨት ውስጥ ለማስገባት የሚያስፈልገውን ኃይል በሚለካው የጃንካ የጥንካሬ መለኪያ፣ ለወለል የተለመደው የአሜሪካ እንጨት ቀይ ኦክ 1,290 ፓውንድ ገደማ ሲሆን ጃቶባ እስከ 2,350 ይደርሳል፤ በመሆኑም አስቀድሞ ካልተበሳ ምስማሩ ይታጠፋል፣ የመጋዙ ጥርስም ቶሎ ይዶለዱማል። አዲስ ሲነጠፍ ወደ ሮዝ የሚያደላው መልኩ ብርሃን ባገኘው ቁጥር እየጠቆረ ቀይ ቡናማ ስለሚሆን፣ ከወራት በኋላ ምንጣፉ ሲነሣ ሥሩ የነበረው ቦታ ፈዝዞ ይታያል። ዋንዛ ለስላሳ፣ ለአናጢም የሚታዘዝ ነው፤ ለሣጥንና ለበር እወደዋለሁ፣ ወለል ላይ ግን የወንበር እግር በቀላሉ ያሰረጉደዋል። ብዙ እግር ለሚረግጠው ሳሎን፣ ባሕር አቋርጦ በመምጣቱ ዋጋው ቢከብድም፣ ጃቶባን እመርጣለሁ። የሐይቁ ዳር የክረምት እርጥበት ሁለቱንም ስለሚያሳብጣቸው፣ በግድግዳው ሥር ዙሪያውን ክፍተት መተው ግድ ነው።