ትራቭል ትሬለር ለመጎተት ያገለገለ መኪና፦ ቱንድራ፣ ኤፍ-150 ወይስ ባለ ሦስት ረድፍ ወንበር?

ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨር ወይም አውሮራ የምትኖሩና በሰመር ልጆች ይዛችሁ ወደ ተራራው ለመውጣት ያሰባችሁ ቤተሰቦች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ትራቭል ትሬለሩ፣ ማለት መኪና የሚጎትተው ማደሪያ ቤት፣ ከነዕቃው 5,000 ፓውንድ (2,270 ኪሎ ገደማ) ይመዝናል እንበል። አምስት ሰው ትሳፈራላችሁ። የምትፈልጉት ያገለገለ መኪና ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ይጎትታል?» ብሎ ነው። ሻጩም ቶሎ ብሎ «10,000 ፓውንድ!» ይላል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን የተሰላው ለእናንተ ቤተሰብ አይደለም። አምራቾቹ የሚለኩበት ደንብ መኪናው ውስጥ እያንዳንዳቸው 150 ፓውንድ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች እንዳሉ አድርጎ ነው የሚያስበው። ሦስት ልጆችና ብስክሌቶቻቸው እዚያ ሒሳብ ውስጥ የሉም።

ስለዚህ ማስታወቂያውን ተዉትና የሹፌሩን በር ክፈቱ። በሩ የሚዘጋበት ምሰሶ ላይ ቢጫና ነጭ ወረቀት ተለጥፏል። የተሳፋሪና የጭነት ክብደት በድምሩ ከዚህ መብለጥ የለበትም ይላል። ወሳኙ ቁጥር እሱ ነው። እናስላው። ሁለት አዋቂና ሦስት ልጅ 600 ፓውንድ። ትሬለሩ መያያዣው ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት፤ 12 በመቶ ብንይዝ ሌላ 600። ክብደት የሚያከፋፍለው መያያዣ ራሱ 90 ገደማ። መኪናው ላይ የሚጫነው ዕቃ 150። ድምር 1,440 ፓውንድ። በሩ ላይ 1,250 የተጻፈበት መኪና፣ 10,000 ይጎትታል ቢባልም፣ ለዚህ ቤተሰብ አይሆንም።

ቶዮታ ቱንድራ 5.7 (ከ2007 እስከ 2021)

ሐበሻ ቶዮታ ይወዳል፤ እዚህ ላይ ደግሞ በቂ ምክንያት አለው። 5.7 ሊትሩ ቪ8 ሞተር 381 የፈረስ ጉልበት አለው። ቱርቦ (ለሞተሩ አየር አምቆ የሚያስገባ ክፍል) የለውም፣ አሠራሩ ቀላል ነው፣ ዘይቱ በሰዓቱ ከተቀየረለት ብዙ ዓመት ያገለግላል። ችግሩ ቤንዚን ይጠጣል። ባዶውን እንኳ በአንድ ጋሎን 15 ማይል ቢሄድ ነው። በቀደሙት ዓመታት ምርቶች ላይ ከሞተሩ ራስ አካባቢ ዘይት ማንጠባጠብ ይታያል፣ ውድ ጥገና ነው። በረዶ ለማቅለጥ ጨው የሚበተንበት ስቴት የቆየ ከሆነ ደግሞ ሥሩ ገብታችሁ ሻንሲውን በባትሪ እዩት።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። «ቪ8 ነው» ብቻ ስለተባለ አትግዙ። ከ2010 እስከ 2019 ባለ 4.6 ሊትር ቪ8ም ነበር። ለከተማ ጥሩ ነው፤ ትሬለር ይዞ ዳገት ላይ ግን ይለግማል።

የቱንድራ ትልቁ ድክመት በሩ ላይ ያለው ቁጥር ነው። ሰፊ ካቢን ያላቸውና ቆዳ ወንበርና ጌጡ የበዛባቸው ብዙ ጊዜ ከ1,200 እስከ 1,300 ውስጥ ናቸው። ቅንጦቱ የሚመጣው ከጭነት አቅሙ ተቀንሶ ነው።

ፎርድ ኤፍ-150 ባለ 3.5 ኢኮቡስት (ከ2015 እስከ 2020)

ከ2015 ጀምሮ ቦዲው አሉሚኒየም ነው። ሞተሩ ሁለት ቱርቦ ያለው ቪ6 ነው። በ2017 ባለ 10 ማርሽ ካምቢዮ ገባለት፣ የመጎተት ጉልበቱም ጨመረ። ለከባድ ትሬለር የተሠራውን ፓኬጅ ይዞ የወጣ፣ ጌጥ ያልበዛበት ከሆነ፣ በሩ ላይ 1,700 እና ከዚያ በላይ ማግኘት ይቻላል። ያኔ የቅድሙ 1,440 ተጭኖም ትርፍ ይኖራችኋል።

ያለ ነቀፋ ግን አይደለም። ከ2017 እስከ 2020 ባሉት ላይ ካም ፌዘር የሚባለው፣ የሞተሩ ቫልቮች የሚከፈቱበትን ጊዜ የሚያስተካክል ክፍል ይታመማል። ምልክቱ ሞተሩ አድሮ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ማንኳኳቱ ነው። ለዚህ ነው ሻጩን «መኪናውን አታሙቀው፣ መጥቼ እኔ ላስነሳው» ማለት ያለባችሁ። ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ካም ፌዘሩ ተቀይሮ ደረሰኝ ካለው ደግሞ ከሌላው የበለጠ ዋጋ ያለው መኪና ነው።

ቱርቦ ስለሆነ ቤንዚን ይቆጥባል የሚለውንም አትመኑ። ባዶውን አዎ። ትሬለር ሲያያዝ ቱንድራውም ፎርዱም በጋሎን 10 ማይል አካባቢ ናቸው።

ዳገቱ ላይ

እኔ ለኮሎራዶ ፎርዱን የምመርጠው እዚህ ላይ ነው። አይ-70ን ይዛችሁ ወደ ምዕራብ ስትወጡ የአይዘንሃወር ዋሻ 11,000 ጫማ (3,400 ሜትር ገደማ) ላይ ነው። አየሩ ሳስቷል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ዋሻው ጋ ሲደርስ ሲሶው የለም ማለት ነው። ጭነት ይዞ እንጦጦን የወጣ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ቱርቦው ግን አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ብዙም አይደክምም።

ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ቱንድራ ጥሩ ነው። ከዋሻው ወደ ሲልቨርቶርን ሲወረድ መንገዱ 7 በመቶ ያዘቀዝቃል። ትልቁ ቪ8 ማርሽ ሲቀነስ መኪናውን ጥሩ አድርጎ ይይዛል፣ ፍሬን አይግልም። ነዋሪነታችሁ ዳላስ ወይም ሂውስተን ከሆነና መንገዳችሁ ሜዳ ከሆነ፣ ሰዎቹም ሦስት ብቻ ከሆናችሁ፣ እኔም ቱንድራውን እላለሁ።

ከአምስት በላይ ከሆናችሁ

ቶዮታ ሴኮያ (ከ2008 እስከ 2022) ያው የቱንድራው 5.7 ሞተር ያለው አለ። ከኋላ ግን የተሠራው ለተሳፋሪ ምቾት ነው፣ በሩ ላይ ያለው ቁጥርም ያንሳል። ሼቭሮሌ ሰበርባን ረጅም ስለሆነ ትሬለሩ ሲወዛወዝ ከአጭሩ ወንድሙ ከታሆ የተሻለ ይረጋጋል፤ እስከ 2020 ባሉት የፊትና የኋላ ጎማው ርቀት 130 ኢንች ነው፣ የታሆ 116። 5.3 ሞተራቸው ቤንዚን ለመቆጠብ ግማሽ ሲሊንደሮቹን ያጠፋል፣ በዚያ ምክንያት የሚበላሹ ሊፍተሮች (ቫልቮቹን የሚገፉ ክፍሎች) አሉት። ሰባት ስምንት ሰው ለሚጭን ቤተሰብ ከ2018 ወዲህ ያለውን ፎርድ ኤክስፔዲሽን አስቀድማለሁ፤ ከባድ መጎተቻ ፓኬጁ ካለው ብቻ። ሰው ሲበዛ ግን ትሬለሩ ማነስ አለበት። 4,000 ፓውንድ አካባቢ ፈልጉ።

ቶዮታ ሃይላንደርና ሆንዳ ፓይለት ወረቀት ላይ እስከ 5,000 ይጎትታሉ። አምስት ሰው ከተሳፈረ ግን የበሩ ቁጥር ቀድሞ ያልቃል። ለትንሽ ትሬለር ይሁኑ።

ከመፈረማችሁ በፊት

የመኪናውን ቪን ቁጥር የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት (NHTSA) ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ያልተሠራ ሪኮል (አምራቹ ጉድለት ለማስተካከል ያወጣው ጥሪ) ካለ እዩ፣ ነፃ ነው። 2022 ወይም 2023 ቱንድራ ካማራችሁ ደግሞ ይህን በፍጹም አትዝለሉ፤ የእነዚያ ቪ6 ሞተር ውስጥ ብረት ፍርፋሪ ቀርቶ ቶዮታ በ2024 ከ100,000 በላይ መኪናዎችን ጠርቷል።

ባለ 7 ቀዳዳው የኤሌክትሪክ ሶኬትና የትሬለር ፍሬን መቆጣጠሪያው መኖራቸውን በዓይናችሁ አረጋግጡ። የኳስ መያያዣ ብቻ ያለው መኪና «መጎተቻ አለው» ተብሎ ይሸጣል። መቆጣጠሪያው ከሌለ ማስገጠሚያውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ትሬለሩን ከገዛችሁ በኋላ ቤተሰቡን ሁሉ ጭናችሁ፣ ውኃውንና ጋዙን ሞልታችሁ፣ የጭነት መኪናዎች የሚመዘኑበት ሚዛን ላይ ውጡ።