ጥቁር ሱሪ በሰማያዊ ክር፦ የአንድ ዓመት የአምፖል ሂሳቤ

ደንበኛዬ ሱሪውን ይዞ ተመለሰ። አልተናደደም፤ እየሳቀ ነው። «እህቴ፣ ይሄ አዲስ ፋሽን ነው እንዴ?» አለኝ። በረንዳ ላይ ወጥተን በፀሐይ አየነው። የጥቁር ሱሪውን እግር ያጠፍኩለት በጥቁር ሰማያዊ ክር ነው። ማታ ስሰፋው ሁለቱም ጥቁር ነበሩ። በመድኃኔዓለም፣ ጥቁር ነበሩ።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሳሎኑን በመጋረጃ ከፍዬ ሲንጀሬን እዚያ አስቀምጫለሁ። አምፖል ለእኔ እንደ መቀስ ነው። ከዚያ ሱሪ በኋላ ነገሩን በቁም ነገር ያዝኩት። ዓመት ሙሉ ገዛሁ፣ አቃጠልኩ፣ መለስኩ፣ ተጨቃጨቅኩ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ጥፋተኛው ያለ ካርቶን የሚሸጠው ኤልኢዲ ነው። አንገቱ ላይ 18 ዋት ይላል። ሻጩ ሰክቶ ሲያበራልኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ያን ጊዜ «ይሄማ ፀሐይ ነው» ብዬ ነው የከፈልኩት። ሱቅ ውስጥ ሁሉም አምፖል ፀሐይ ነው፤ አፍንጫችሁ ሥር ነዋ የሚበራው። ቤት ወስዳችሁ ኮርኒስ ላይ ስትሰቅሉት ሌላ ነገር ነው። ጓደኛዬ ቤት ካለው ባለ 9 ዋት ጋር ጎን ለጎን አብርተን ስናየው የእኔው ባለ 18 ዋት ተሸነፈ። ዋት የሚበላውን ነው የሚነግራችሁ። የሚሰጠውን የሚነግራችሁ ሉመን ነው። ደህና ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ወደ 800 ሉመን ይሰጣል፤ ይህ የድሮው ባለ 60 ዋት ባለ ክር አምፖል የሚሰጠው ብርሃን ነው። የእኔው ላይ ሉመን የሚባል ነገር ጭራሽ አልተጻፈም።

ከዚህ የባሰው መርገብገቡ ነው። በዓይን አይታይም። የስልኬን ካሜራ ከፍቼ ወደ አምፖሉ ሳዞር ግን ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ይንሸራተታሉ። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ስለሚመላለስ፣ ውስጡ ያለው ዕቃ ርካሽ ከሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ይሄ ለእናንተ ራስ ምታት ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን የጣት ጉዳይ ነው። ሲንጀሬ ሞተር አለው። ፍጥነት ስጨምር ባለ ቀዳዳው መዘውር የቆመ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ወደ ኋላ የሚዞር መሰለኝ። መርፌው ደግሞ እየወጋ ነው! ወዲያው አጠፋሁት።

ብቻ እሱም ብዙ አላቆየኝም፤ ሁለት ወር ሳይሞላው ሞተ። «የአንድ ዓመት ዋስትና አለው» ብሎ የሸጠልኝ ልጅ ስመልስለት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ዋስትናው ለቤት ነው፤ አንቺ ሥራ ሠርተሽበታል።» የሱቁን ስም አልጠራም። እሱ ግን ራሱን ያውቃል።

ቀጥሎ ባለ ካርቶኑን ገዛሁ፤ ዋጋው ሦስት እጥፍ ነው። ካርቶኑ ላይ ማየት የለመድኳቸው ሦስት ቁጥሮች አሉ። አንዱ ሉመን ነው። ሁለተኛው ኬልቪን፦ ሻጮቻችን «ነጭ ነው ቢጫ?» ብለው የሚጨርሱት ነገር። ቢጫው 3000 አካባቢ፣ ነጩ 6500 ነው፤ መሃል ላይ 4000 አለ። እኔ ለስፌት 4000ውን መረጥኩ። ሦስተኛው ማንም የማይጠይቀው ሲአርአይ ነው፤ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ ከ100 የሚሰጥ ነጥብ። አብዛኛው 80 ይላል። ለሳሎን ይበቃል። የጥለት ቀለም ለምትመርጥ ሴት ግን አይበቃም፤ በተለይ ቀዩ ይሞትባታል። ባለ 90 ፍለጋ ፒያሳንም መርካቶንም ዞርኩ። ሲአርአይ ስል የሚያፈጥብኝ ሻጭ ብዙ ነው። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ከላይኛው መደርደሪያ አቧራውን እፍ ብለው አወረዱልኝ። አሥር ወር ሆነው፤ ያው ነው። ካሜራዬም መስመር አያሳይም። ገንዘቤን አልቆጨኝም።

አሁን ወደ ሆልደሩ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሁላችንም አምፖል ተቃጠለ ስንል አምፖሉን እንሰድባለን። የመኝታ ቤቴ በአራት ወር ሦስት ጊዜ ተቃጠለ። ሦስተኛው ላይ ጎረቤታችን ያለውን ኤሌክትሪሺያን ጠራሁት። አምፖሉን ዞር ብሎም አላየው። መጀመሪያ ብሬከሩን አወረደ፣ ከዚያ ሆልደሩን ፈታው። ውስጡ እንደ ቡና ቆሎ ጠቁሯል። የሽቦው ብሎን በጣት ይዞራል። ላልቶ ኖሮ እየፈነጠረ ፕላስቲኩን ሲያቃጥል ቆይቷል። «ሽታ አልነበረም?» አለኝ። ነበር። የዓሣ ዓይነት ሽታ። እኔ ታች ካለው ምግብ ቤት የሚመጣ መስሎኝ መስኮት እዘጋ ነበር! በሴራሚክ ሆልደር ቀየረልኝ። ዋጋው ከአምፖሉ ያንሳል።

እዚያው ሳለ የአምፖሉን ሌላ አመል ነገርኩት። ሳጠፋው አምፖሉ ጭል ጭል ይላል፤ ሌሊት እንደ ድመት ዓይን ያፈጥብኛል። መብራት ያለበትን ሲነካ የሚበራውን ቴስተር ካቻቪቴውን አወጣ። ማብሪያ ማጥፊያው ጠፍቶ ሆልደሩን ሲነካው ቴስተሩ በራ። ለካ ቤቱን የዘረጋው ሰው ማብሪያው ላይ ያቆረጠው ፌዙን፣ መብራት የሚያመጣውን ሽቦ፣ ሳይሆን ኒውትራሉን፣ የመመለሻውን ነው። «አጥፍቼዋለሁ» ብዬ ወንበር ላይ ቆሜ አምፖል ስቀይር የኖርኩት ፌዝ ያለበት ሆልደር ላይ ነበር። ጭል ጭል ሁሉ ከዚህ አይመጣም፤ ትንሽ መብራት ያለባቸው ማብሪያዎችም ያንኑ ያደርጋሉ። ግን አስፈትሹት። እኔ ከዚያ ወዲህ ብሬከር ሳላወርድ አምፖል አልነካም።

መታጠቢያ ቤት ደግሞ ጥሩውን ኤልኢዲ ክብ የመስታወት ሽፋን ውስጥ ዘጋሁበትና ገደልኩት። ኤልኢዲ ብዙ ባይሞቅም አንገቱ ውስጥ ያለው ዕቃ መተንፈሻ ይፈልጋል። ካርቶኑ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል «በተዘጋ ሽፋን ውስጥ አይጠቀሙ» ይል ነበር። ይሄኛው የእኔ ጥፋት ነው። አሁን ውሃ ፍንጥቅጣቂ የሚችል አይፒ 44 የተጻፈበት ሙሉ ዕቃ አስገጥሜያለሁ።

እማዬ ቤት የሄድኩት በዚሁ ሙቀት ነው። ጭቃ ቤት ነው፤ ኮርኒሱ አቡጀዲ። መሃሉ ላይ ባለ 100 ዋት ባለ ክር አምፖል። ቀና ብዬ ሳይ ከአምፖሉ በላይ አቡጀዲው የእንጀራ ምጣድ የሚያክል ቡናማ ክብ ሠርቷል። ስንት ዓመት ሥሩ ተቀምጠን ቡና ጠጥተናል! የዚያን ቀን ኤልኢዲ ቀየርኩላት፤ ነጩን። አልወደደችውም። «ልጄ፣ ይሄ የሐኪም ቤት መብራት ነው፤ ፊቴን አስከሬን አስመሰለው።» ቢጫውን አመጣሁላት፣ መረቀችኝ። ጓዳ ያለውን፣ ያኔ መብራት ኃይል አሮጌውን እየተቀበለ ሲያድል ያገኘችውን ጥምዝምዝ ቆጣቢ አምፖል ግን አላስነካችኝም። ቢሰበር መስኮት ከፍታ ሩብ ሰዓት እንድትወጣ፣ በመጥረጊያ ሳይሆን በካርቶን እንድትሰበስበው ነግሬያታለሁ። ውስጡ ትንሽም ቢሆን ሜርኩሪ አለው።

ቻርጅ የሚያደርገውን አምፖል ካላነሳሁ ትታዘቡኛላችሁ። መብራት ሲሄድ በራሱ መብራቱ ይመቻል። «4 ሰዓት» ይላል፤ የእኔ ከሁለት አላለፈም፣ ከስምንት ወር በኋላ ደግሞ ለእራት ብቻ ነው የሚበቃው። ለኮሪደር እሺ፣ ለስፌት እንዳታስቡት። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እሱ ስለበራ መስመሩ ላይ መብራት አለ ማለት አይደለም፣ የለም ማለትም አይደለም። ሽቦ ልነካ የሚል ሰው በሱ እንዳይታለል።

ከአሜሪካ ዕቃ የምታስመጡም ጠንቀቅ በሉ። እህቴ ከዋሽንግተን የራስጌ መብራት ከነአምፖሉ ላከችልኝ። የአምፖሉ ጥርስ ከእኛ ሆልደር ጋር ልክክ ይላል፤ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። እሱ ግን የ120 ቮልት ነው። ሰካሁት፣ ጧ! አለ፣ አለቀ። ገመዱ ላይ ያለችውም ማብሪያ 125 ቮልት ይላል። ኤሌክትሪሺያኑ እሷንም ሶኬት መሰኪያውንም ቀየረልኝ፤ አሁን በእኛው አምፖል ይሠራል።

የእማዬን ባለ 100 ዋት አልጣልኩትም። ጎረቤቷ ጫጩት ልታሞቅበት ለመነችኝ። ኤልኢዲ ሞክራ ጫጩቶቹ ሲንቀጠቀጡ አደሩባት አሉ። በሴራሚክ ሆልደርና በሽቦ ወንፊት፣ ከገለባው ከፍ አድርገን ሰቀልንላት። አሥራ አንድ ናቸው። ሥሩ ተደርድረው ተኝተዋል።