በንብረት ጠባቂ ውድቅ የተደረገ የዱቤ ሽያጭና የአዳማው ጠበቃ አገልግሎት

አዳማ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለኝ። ሲሚንቶና ፌሮ በዱቤ ይወስድ የነበረ አንድ የግንባታ ድርጅት መክሰሩ በፍርድ ቤት ሲታወጅ፣ ቫትን ጨምሮ 460,000 ብር እንደምፈልግበት ገልጬ የድርጅቱን ንብረትና ዕዳ እንዲያጣራ ለተሾመው ንብረት ጠባቂ የዱቤ ሽያጭ ደረሰኞቼን አስገባሁ። ከሳምንታት በኋላ የተሰጠኝ መልስ የሁለት መስመር ደብዳቤ ነበር፤ ዕቃውን የተረከበው ሰው ድርጅቱን የሚወክል ስለመሆኑ ማስረጃ ስላልቀረበ ጥያቄው ውድቅ ተደርጓል ይላል። ፈራሚው ለሁለት ዓመት ያህል ፌሮ ሲቆጥር አጠገቡ የቆምኩት የመጋዘን ሠራተኛ በመሆኑ ደብዳቤውን ሳነብ እጅግ አዘንኩ።

ፖስታ ቤት አካባቢ ወደሚሠሩት ጠበቃ ስሄድ፣ ከገንዘቡ መጠን አስቀድመው የጠየቁኝ ደብዳቤው የደረሰኝን ቀን ነው፤ የመቃወሚያው ጊዜ አጭር በመሆኑ አንዴ ካለፈ ክርክሩ ከመነሻው እንደሚዘጋ አስረዱኝ። እኔ ድርጅቱን ከስሼ የግንባታ ማሽኑን ለማሳገድ አስቤ ነበር። እርሳቸው ግን በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣውን የንግድ ሕግ ሦስተኛ መጽሐፍ ገልጠው፣ ኪሳራ ከታወጀ በኋላ እያንዳንዱ ገንዘብ ጠያቂ ለየብቻው ንብረት ማሳገድ እንደማይችልና ትክክለኛው መንገድ የንብረት ጠባቂውን ውሳኔ ለፍርድ ቤቱ መቃወም መሆኑን በትዕግሥት አሳዩኝ።

የአገልግሎቱን ዋጋ ያየሁት በማስረጃው ላይ ነው። ጠበቃው ደረሰኞቹን አንድ በአንድ እያገላበጡ «ቫቱን አሳውቀው ከፍለዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ከ400,000 ብሩ ላይ የታሰበውን 15 በመቶ፣ ማለትም 60,000 ብር፣ ገዢው ሳይከፍለኝ ከኪሴ ገቢ አድርጌአለሁ። «እንግዲያው ገዢው ይህንኑ ቫት በግዢ መዝገቡ አስመዝግቦ ራሱ ከሚከፍለው ቫት ላይ አቀናንሶ ከሆነ ዕቃውን አልተረከብኩም ሊል አይችልም» አሉኝ። በመቃወሚያው ላይ ንብረት ጠባቂው በእጁ ያለውን የድርጅቱን የግዢ መዝገብ እንዲያቀርብ እንዲታዘዝ ጠየቁ። መዝገቡ ቀርቦ ሲታይ ከአንዱ በቀር የደረሰኞቼ ቁጥሮች በሙሉ ተመዝግበው ተገኙ። ያ አንዱ የ46,000 ብር ደረሰኝ ፊርማው እንኳ የማይነበብ ስለነበረ ቀሪ ሆነ፤ 414,000 ብሩ በገንዘብ ጠያቂዎች ዝርዝር እንዲገባ ፍርድ ቤቱ ወሰነ።

ቅሬታዬ በወጪ አነጋገራቸው ላይ ነው። የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ በአማርኛ የተዘጋጁት ውሎችና ደብዳቤዎች መተርጎም ነበረባቸው፤ የትርጉሙ ክፍያ ከጥብቅና አበሉ ውጭ መሆኑን ግን የነገሩኝ የጥብቅና ውሉን ከፈረምን በኋላ ነው። ቀጠሮ ላይም ሁለት ጊዜ አስጠብቀውኛል።

በዝርዝሩ መግባት ገንዘቡን በእጅ መቀበል አይደለም። የድርጅቱን ሕንፃ በመያዣ የያዘው ባንክ ከመያዣው ሽያጭ ከእኔ ቀድሞ ይከፈለዋል፤ መያዣ የሌለን ነጋዴዎች ከሚተርፈው በየድርሻችን እንካፈላለን። ጠበቃው ይህን በመጀመሪያው ቀን፣ ቅድሚያ ክፍያ ከመቀበላቸው በፊት፣ ቁጭ አድርገው ነግረውኛል፤ ደረሰኛቸው ውድቅ ለተደረገባቸው ሁለት የፍራንኮ ሰፈር ነጋዴዎችም የቢሯቸውን አድራሻ የሰጠሁት ስለዚሁ ነው።