የሰኞ ገበያዋ ልብስ ሰፊ እትዬ፦ ምስጋናዬና ለታማሚዎች ጥቆማ

የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ በተለይ የሆድ ቀዶ ሕክምና አድርጋችሁ ቤት የዋላችሁ፣ ወይም እንዲህ ያለ ሰው የምታስታምሙ፣ ይህን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ አንዲት ልብስ ሰፊ አሉ። አሮጌ ልብስ ፈትተው፣ ገልብጠው፣ አጥብበው፣ አስፍተው እንደገና ይሠራሉ። ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ስማቸውን አደባባይ ላይ እንዳላወጣው ስለለመኑኝ እኔም እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ። ማመስገኑን ግን አትከልክሉኝ ብያቸዋለሁ።

እኔ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የትልቁ አንጀት ካንሰር እንዳለብኝ ሲነገረኝ 33 ዓመቴ ነበር፤ ትልቋ ልጄ አንደኛ ክፍል ገብታለች፣ ትንሹ ገና ጡት አልጣለም።

ሰገራዬ ላይ ደም ማየት የጀመርኩት ትንሹን ከወለድኩ በኋላ ነው። ኪንታሮት ነው፣ ወላድ ላይ ያጋጥማል ተባልኩ። ሆዴን ሲነፋኝና ሲቆርጠኝ አሜባ ነው ተባለ። ድካሙ ሲብስብኝ ደግሞ ደም ማነስ ነው፣ ስለምታጠቢ ነው አሉኝ። እያንዳንዱ ለየብቻው ሲሰማ ያሳምናል። ሦስቱን አንድ ላይ አድርጎ ያየልኝ ግን አልነበረም። "በዚህ ዕድሜሽ ካንሰር አይታሰብም" ያለኝ ባለሙያም አለ፤ ያን ንግግር እስካሁን አልረሳሁትም። መጨረሻ ላይ አንጀቴ ተዘግቶ፣ ሆዴ ተወጥሮ፣ በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባሁ።

ዕጢው የነበረው በግራ በኩል ባለው የአንጀት ክፍል ላይ ነው። እዚያ ጋ የሚያድግ ዕጢ መተላለፊያውን እያጠበበው ስለሚሄድ ሰገራ ይቀጥናል፣ ድርቀት ይበዛል፣ ካልተደረሰበት ጭራሽ ይዘጋል። ሐኪሞቹ የታመመውን ክፍል ቆርጠው አወጡና የቀረውን የአንጀቴን ጫፍ በሆዴ ግራ በኩል ወደ ውጭ ከፈቱት። ኮሎስቶሚ ይባላል። ሰገራ የሚወጣው በዚያ ነው፤ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ከረጢት ይቀበለዋል። ወደፊት መልሰው እንደሚዘጉት ነግረውኛል። በአካባቢው ያሉት የሊምፍ ዕጢዎችም በካንሰሩ ተነክተው ስለተገኙ ደረጃ ሦስት ተባለና ኬሞ፣ ማለትም ካንሰሩን የሚያጠቃ መድኃኒት፣ ታዘዘልኝ።

ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ቁስሉ ብዙ ሰው መከረኝ። ስለ ልብስ ግን ማንም አላነሳልኝም። ያሉኝ ሱሪዎች በሙሉ ወገባቸው የሚያርፈው ልክ ከረጢቱ ላይ ነው። ከረጢቱ በወገብ ሲታነቅ ሰገራው ወደ ታች መውረድ ያቅተውና ላይ ይጠራቀማል፣ ማጣበቂያውም ይላቀቃል። ያ ነገር ሰው መሀል የደረሰበት ሰው ብቻ ነው ምን እንደሆነ የሚያውቀው። ሙሉ ቀሚስ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ከረጢቱ ሲሶው ያህል ሲሞላ ውስጡ ያለው መደፋት አለበት፤ ለዚያ ሲባል ልብስን በሙሉ ወደ ላይ ሰብስቦ፣ በአገጭ ይዞ፣ ጠባብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ መታገል ነው። በዚያ ላይ ከስቼ ስለነበር የለበስኩት ሁሉ ከላዬ ይወርዳል። ስለዚህ በቢጃማና በጋቢ ቤት ዋልኩ። ልጄን ትምህርት ቤት ማድረስ ተውኩ፣ ለቅሶም ሰርግም ቀረሁ። ልጄ "እማዬ፣ ለምን ሁልጊዜ ጋቢ ትለብሻለሽ?" ስትለኝ ብርድ ነው እላታለሁ።

ጎረቤቴ ናት ልብሶቼን በማዳበሪያ ከረጢት አጭቃ፣ እኔን ደግፋ፣ እትዬ ጋ የወሰደችኝ። ሱቃቸው ኮንቴነር ነው፤ አንድ ሲንጀር፣ አንድ ዘምዛሚ ማሽን፣ አንድ ካውያ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ የሰው ልብስ። ጎረቤቴ በጆሯቸው የሆነ ነገር ነገረቻቸው። እሳቸው ምንም አልጠየቁኝም። አብሯቸው የሚሠራውን ልጅ ክር ገዝተህ ና ብለው ላኩት፣ መጋረጃውን ሳቡ፣ ከዚያ "አብሽሪ ልጄ፣ ነይ ቁጭ በይ" አሉኝ።

ቁጭ ብዬ ለኩኝ። በሕይወቴ ልብስ ሰፊ ጋ ስሄድ ቆሜ ነው የተለካሁት፤ እትዬ ግን ቆሜም ለኩኝ፣ ቁጭ ብዬም ለኩኝ፣ ጎንበስ አስብለውም ለኩኝ። ሆድ ሲቀመጡና ሲቆሙ አንድ አይደለም፣ ከረጢቱም ቦታ ይቀይራል አሉ። ቀጥለው የጠየቁኝን ጥያቄ ሐኪም እንኳ አልጠየቀኝም፤ "ትንሹን ስታቅፊው በየትኛው ጎንሽ ነው?" በግራዬ ነው አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና "እንግዲያ ግራውን ሸፈን እናደርገዋለን፤ አንቺም በቀኝሽ አስለምጂው። እስኪፈቀድልሽ ግን አታንሽው፣ ቁጭ ብለሽ ያምጡልሽ" አሉኝ። በእርግጥም ሐኪሞቹ ከባድ ነገር ማንሳት ለጊዜው ከልክለውኝ ነበር፤ ሆድ ገና ሳይጠነክር ከተነሳ በቁስሉ ወይም በከረጢቱ ዙሪያ እብጠት ይወጣል። ከዚያ መለዋወጫ ይዤው የነበረውን ባዶ ከረጢት ተቀብለው ሱሪው ላይ፣ በገበሩ በኩል አጋደሙትና ዙሪያውን በጠመኔ አሰመሩት።

የሠሩልኝን በዝርዝር የምጽፈው የሚያስፈልገው ሰው ሌላ ሰፊም ጋ ቢሄድ እንዲያሠራው ብዬ ነው። የሱሪዎቹን ጠንካራ ወገብ ፈትተው ጣሉትና ከአሮጌ ቲሸርት የተቆረጠ ሰፊና ለስላሳ ወገብ ተኩ፤ ከከረጢቱ በላይ ከፍ ብሎ ያርፋል፣ ምንም አያንቅም። ከውስጥ በኩል፣ ጠመኔው በተሰመረበት ቦታ፣ ብዙ ታጥቦ ከለሰለሰ የጥጥ አንሶላ ኪስ ሰፉ። ኪሱ ሁለት ሥራ አለው፤ አንደኛ የከረጢቱን ክብደት ይሸከማል፣ ማጣበቂያው ቆዳዬን አይጎትተውም። ሁለተኛ ፕላስቲኩ በቀጥታ ገላዬ ላይ ስለማይውል አያልበኝም፣ ቆዳዬም አይቆጣም። ኪሱ ከታች የከረጢቱ አፍ ብቻ የሚወጣበት ክፍተት ስላለው፣ ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ለመድፋት ሱሪውን ማውለቅ አያስፈልገኝም።

የሐበሻ ቀሚሴን ደግሞ በግራ ጎኑ ስፌቱን ፈትተው በቁልፍ አደረጉት፤ ቁልፎቹን የሸፈኑት ከራሱ ከቀሚሱ ጫፍ በቆረጡት ጥለት ነው። ከውጭ የሚያየው ሰው ለጌጥ የተሠራ ነው የሚመስለው። የሸሚዞቼን ቀኝና ግራ እጅጌ እስከ ክርን ሰንጥቀው ተጫኝ ቁልፍ አደረጉበት፤ ነርሷ ደም ሥር ስትፈልግ ልብስ ማውለቅ ቀረ። ከተረፈው ብርድ ልብስ ትንሽ ትራስ ሰፉልኝ፤ ሳስል፣ ስስቅ፣ መኪና ስሄድ ሆዴ ላይ አስደግፌ የምይዛት። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ በሚኒባስ ስወርድ ያቺ ትራስ ያዳነችኝን እኔ ነኝ የማውቀው።

ሐረጎን የምወርደው እህቴ ኮምቦልቻ ስላለች ነው። ከወሰድኳቸው የኬሞ መድኃኒቶች አንዱ ኦክሳሊፕላቲን ይባላል፤ ቅዝቃዜ አያስችልም። ኬሞውን በወሰድኩ ሰሞን የበር እጀታ ስነካ ጣቶቼን ይነዝረኝ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ስጎነጭ ጉሮሮዬ የተዘጋ ይመስለኝ ነበር። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉም እቤት ድረስ ይገባል። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ሌላ አገር ነው፣ ይሞቃል። እንደዚያም ሆኖ ዘላለም እህት ቤት አይኖርም፤ ልጄ ትምህርት አላት። ይህን ለእትዬ ሳወራቸው የባለቤቴን የተቀደደ የሱፍ ሹራብ አምጪ አሉኝ። ከእጅጌው ጓንት፣ ከገላው የአንገት መሸፈኛ፣ ከቀረው የእግር ሹራብ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወጥ የማወጣው፣ በር የምከፍተው፣ የልጄን ጸጉር የማበጥረው በዚያ ጓንት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አለ። ልብሶቼን ሲያጠብቡ አንዱንም ትርፍ ጨርቅ አልቆረጡም። መጀመሪያ በእጃቸው ላላ አድርገው ይሰፉታል፣ አስለብሰው ያዩታል፣ ከዚያ ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፈው በመኪና ይመቱታል። እኔ የከበደ መስሎኝ "እትዬ፣ ይቁረጡት እንጂ፣ ለምን ይወፍራል?" አልኳቸው። ከመኪናቸው ቀና ሳይሉ "ስትወፍሪ በምን እናሰፋዋለን? አላህ አፍያ ሲያደርግሽ ልንፈታው ነው እኮ" አሉኝ። በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል። ሐኪሞቹም ቢሆኑ የሚነግሩኝ በጥንቃቄ ነው። እንደምወፍር፣ እንደምቆይ፣ ልብሴ እንደሚጠበኝ እንደ ተራ ነገር ቆጥሮ ያወራኝ የመጀመሪያው ሰው እትዬ ናቸው። እቤት ገብቼ ሱሪዬን ገልብጬ ያችን እጥፋት ደጋግሜ አየኋት። ኬሞው ካበቃ በኋላ ክብደቴ መመለስ ሲጀምር አንድ ስፌት ፈትተውልኛል፣ ገና የሚፈታ አለ።

ልጆቼም ድርሻቸውን አግኝተዋል። ከእንግዲህ የማልለብሳቸውን ጠባብ ቀሚሶች አንድ ላይ አድርገው ለሴት ልጄ ሁለት ቀሚስ ቆረጡላት፤ ኪስ ይኑረው ብላ ስላለቀሰች ኪስም አለው። ከባለቤቴ አሮጌ ኮት ለትንሹ ካፖርት ወጣለት፣ ገበሩ ሳይቀር የድሮው ነው። ልጄን እኔው ነኝ አሁን ትምህርት ቤት የማደርሳት። የወላጆች ስብሰባ ላይ በዚያ ጥለት ባለው ቀሚስ ሄጄ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ።

ዋጋቸው ከአቅም በላይ አይደለም። እኔን ለውስጥ ኪሶቹ አላስከፈሉኝም፣ የማሳጠርና የማጥበብ ዋጋ ብቻ ነው የወሰዱት። እባካችሁ ስትሄዱ አትከራከሯቸው፤ ድካሙ ብዙ ነው። ሆስፒታሎቻችንም ኮሎስቶሚ የተሠራለትን ሰው ወደ ቤት ሲሸኙ፣ ከከረጢቱ ጋር እንዲህ ያለ ባለሙያ ቢጠቁሙት ብዬ እመኛለሁ። ከረጢቱ ራሱ በየፋርማሲው የማይገኝ፣ ሲገኝም ውድ ነገር ነው፤ በልብስ ምክንያት እየተላቀቀ ሲጣል ያንገበግባል።

ወጣቶች፣ ሰገራችሁ ላይ ደም ካያችሁ፣ ድርቀትና ተቅማጥ እየተፈራረቀ ከሰነበተ፣ ያለ ምክንያት ከከሳችሁ ወይም ደማችሁ ካነሰ፣ ኪንታሮት ነው ተብላችሁ ብቻ አትመለሱ። ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ትልቁን አንጀት ከውስጥ የማየት ምርመራ፣ ያስፈልገኛል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ተዋናዩ ቻድዊክ ቦዝማን በ2020 እ.ኤ.አ. በዚሁ በሽታ ሲያርፍ 43 ዓመቱ ነበር። አሜሪካኖቹ ምንም ምልክት የሌለው ሰው ምርመራ የሚጀምርበትን ዕድሜ በ2021 እ.ኤ.አ. ከ50 ወደ 45 ያወረዱት ወጣቱ ላይ እየበዛ በመምጣቱ ነው። አብዛኛው የትልቁ አንጀት ካንሰር ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ እብጠት ተነስቶ በብዙ ዓመት ውስጥ ነው የሚለወጠው፤ በጊዜ ከተገኘ በዚያው በኮሎኖስኮፒው ተቆርጦ ይወጣል። የቅርብ ዘመድ (ወላጅ፣ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ) በዚህ በሽታ የታመመበት ሰው ደግሞ 40 ዓመት ሲሞላው ወይም ዘመዱ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከሁለቱ ቀድሞ በሚመጣው መጀመር አለበት። እኔ በ33 ስለታመምኩ ወንድሜና እህቴ ከ23 ጀምሮ መታየት ነበረባቸው ማለት ነው። ሁለቱንም ልኬያቸዋለሁ።

እትዬ፣ ይህን ልጅዎ ያነብልዎታል። እጅዎ ይባረክ፣ ዓይንዎ አይድከም። እኔንና ልጆቼን አልብሰዋል፣ እርስዎንም ፈጣሪ ያልብስዎት።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ልብሱን አጥባችሁ ውሰዱ። ኮሎስቶሚ ያለበት ሰው አንድ ባዶ ከረጢት ይያዝ፣ ያለሱ አይለኩም። ወፍራም ጂንስ አትውሰዱ፣ ለከረጢት አይሆንም ብለው ይመልሱታል። ለዒድ፣ ለመውሊድ፣ ለገናና ለፋሲካ ሰሞን ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ከቻላችሁ ከበዓሉ ቀደም በሉ። መውጣት ለማይችል ታማሚ ቤት ድረስ መጥተው ይለካሉ፣ ግን ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ፤ ኮምቦልቻ ያላችሁም ልብሱን በእህቴ በኩል መላክ ትችላላችሁ።