የሳልቫዶር ዳሊ የዕፅዋት ህትመቶች፦ አበቦቹ ወይስ ፍራፍሬዎቹ?

ከስፔናዊው ሠዓሊ ሳልቫዶር ዳሊ የዕፅዋት የሥዕል ህትመቶች መካከል ሰብሳቢዎች አዘውትረው የሚፈልጓቸው ሁለት ስብስቦች የወጡት በአንድ ዓመት ልዩነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው «ፍሎራ ዳሊኔ» 10 አበቦችን፣ በ1969 የወጣው «ፍሎርዳሊ» ደግሞ 12 የፍራፍሬ ሥዕሎችን ይዟል።

በአበቦቹ ላይ የዳሊ ቀልድ የሚጀምረው ከስያሜው ነው፤ የዕፅዋት ተመራማሪዎችን ላቲን እያስመሰለ «ዳህሊያ ዩኒኮርኒስ» (ባለ አንድ ቀንድ ዳህሊያ) እና «ሊሊየም ሙዚኩም» (ሙዚቃዊ ሊሊ) የሚሉ ስሞችን ያወጣ ሲሆን፣ በግላዲዮለሱ ላይም ጆሮዎች እንዲያብቡ አድርጓል። ለፍራፍሬዎቹ መነሻ የሆኑት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የዕፅዋት ሥዕሎች ናቸው። ዳሊ በእነዚያ ላይ በውሃ ቀለም ደርቦ የሠራ በመሆኑ፣ ፕለሙ እግር አውጥቶ ሲሮጥ የሚታየው ቅርንጫፉና ቅጠሉ ከመጽሐፍ የተቀዳ ያህል ተስተካክሎ ሳለ ነው። ለእኔ ከሁለቱ ይበልጥ የሚያስደነግጡት ፍራፍሬዎቹ ናቸው፤ ለሳሎን ግድግዳ ግን አበቦቹ ይስማማሉ።

በአሠራር ረገድ ሁለቱም ይቀራረባሉ፤ ባለቀለሙ መደብ በፎቶግራፍ ዘዴ የታተመ ሲሆን፣ የዳሊ እጅ ያረፈው በመርፌ ከተጫረው የብረት ሳህን በወጣው መስመር ላይ ነው። ስለዚህ በአጉሊ መነጽር የቀለም ነጥቦችን አይቶ «ይህ ተራ ቅጂ ነው» ብሎ መጣል ስህተት ነው። መታየት ያለበት ሳህኑ ወረቀቱን ተጭኖ የተወው ጎድጓዳ ጠርዝና በጭረቱ ላይ በትንሹ ከፍ ብሎ የተቀመጠው ቀለም ነው፤ እነዚህ ከሌሉ በየትኛውም ዋጋ አይገዛም።

በፊርማ መተማመን አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1974 ከፈረንሳይ ወደ አንዶራ በሚወስደው ድንበር ላይ በተያዘ መኪና ውስጥ ዳሊ የፈረመባቸው 40 ሺህ ያህል ባዶ ወረቀቶች ተገኝተዋል፤ እውነተኛ ፊርማ በሐሰተኛ ህትመት ላይ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። ወረቀቱ ከዚህ የተሻለ ምስክር ነው። «አርሽ» በተባለው የፈረንሳይ የሥዕል ወረቀት የውሃ ምልክት (ወረቀቱ ብርሃን ፊት ሲያዝ በውስጡ የሚታየው ምልክት) ላይ፣ ከስሙ ቀጥሎ የተጋደመ ስምንት የመሰለው የወሰንየለሽነት ምልክት ካለ፣ ወረቀቱ የተመረተው ከ1980 ወዲህ ስለሆነ በ1968ም ሆነ በ1969 ሊታተም አይችልም።

ጀማሪ ሰብሳቢ ሙሉ ስብስብ ከማሳደድ ይልቅ ኅዳጉ ያልተቆረጠ አንድ አበባ ቢገዛና ዝርዝሩን ከአልበርት ፊልድ የዳሊ ህትመቶች መዝገብ ጋር ቢያመሳክር ይሻለዋል። ሻጩ ህትመቱን ከፍሬሙ አውጥቶ በብርሃን ፊት ለማሳየት ካልፈቀደ ግዢው እዚያው ላይ ይቁም።